የዋንዛው አይሮፕላን

ሳጥኑ ባዶ ነበር።

መገርሳ ክዳኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሙሉወርቅ ከኋላው መጥታ አየች። ገለባው አለ። የተጠቀለለበት ጨርቅም አለ። አይሮፕላኑ ግን የለም።

«ማነው እንዲህ ያደረገን?» ብላ ጮኸች። «እጁ ይቆረጥ!»

ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ኮልፌ። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ያ አይሮፕላን ካፒቴኑ እጅ ካልገባ፣ የሙሉወርቅ ባል ገሜዳ ሶማሊያ ወዳለው የደናኔ ግዞት ይጫናል። ከደናኔ ደግሞ ማን ተመለሰ?

ገሜዳ ለአርበኞች ጥይት ደብቋል ተብሎ ከታሰረ ስምንት ወሩ ነው። ወንድሙ መገርሳ አናጢ ነው፤ ጣሊያኖቹ በአይሮፕላን ማረፊያቸው በግድ በርና መስኮት ያሠሩት ነበር። እዚያ አንድ በራሪ ካፒቴን የእጁን ሥራ አይቶ፣ «እኔ የማበረውን ተዋጊ አይሮፕላን አሳንሰህ ሥራልኝ። አገር ቤት ላለ ልጄ እልከዋለሁ። አንድም ሳይጎድል ከሠራኸው ወንድምህን አስፈታልሃለሁ» አለው።

መገርሳ ሠራው። እየተራገመ ሠራው። የእውነተኛውን አንድ ክንድ በአንድ ጣት እየመተረ፣ ሆዱን ከዋንዛ ፈለፈለ። ላይና ታች የተነባበሩትን ክንፎች ፍቆ ፍቆ አሳሳቸው፤ በመካከላቸው ባሉት ሽቦዎች ፈንታ የፈረስ ጭራ ወጠረ። መትረየሶቹን ከወይራ ስንጥር ሲያበጅ፣ «የአክስቴን ልጆች የፈጀው ይኼ ነው» እያለ ጥርሱን ያፋጭ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ። በእውነተኛው ጅራት ላይ ነጭ መስቀል አለ። «ሰው በሚፈጅ ነገር ላይ መስቀል አልስልም፤ ሞቼ እገኛለሁ!» አለ። ኮልፌ ሁሉ ይህን ሰምቷል። ግማሹ «ጀግና!» ግማሹ «ቂል!» ብሎታል።

ሙሉወርቅ በልቧ «ቂል» ካሉት ወገን ነበረች። ካፒቴኑ «ጎደለ» ብሎ ባሏን ቢያስቀርባትስ? ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መገርሳ ሊታጠብ ወንዝ ሲወርድ፣ ኖራ በጥብጣ መስቀሉን ራሷ ሳለችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሳጥኑን ዘጋችና ከመገርሳ ጋር ጎረቤት ለቅሶ ሄደች። ቤቱን ጥለው የወጡት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጩኸቷን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው አበልጇ መሸሻ ነበር፤ የልጇን ክርስትና ያነሳው፣ የገሜዳ የልብ ወዳጅ።

«ጎረቤትሽ ደሜ ነው የሰረቀው» አላት እያለቀሰ። «የጣሊያን ጠራጊ! ገሜዳንም የጠቆመው እሱ ነው ብዬሽ አልነበረም?»

ሙሉወርቅ ነጠላዋን አሸንፍጣ ደሜ ቤት ገባች። ኮሌታውን ያዘች።

«የት አደረስከው?»

«ምኑን?»

«አይሮፕላኑን!»

«አላየሁም።»

«ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?»

«አንቺ ከፈረድሽብኝ በኋላ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለና ጀርባውን ሰጣት።

ከጣሊያን በፊት የሰፈሩ ዳኛ የነበሩት አቶ ጉልላት ነገሩን ሰምተው፣ «አውጫጭኝ ይደረግ» አሉ። ጣሊያን ሰው መሰብሰብ ስለከለከለ፣ ለቅሶ ነው ተብሎ ድንኳን ተተከለ። ሥርዓቱ የቆየ ነው። ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ሰው ሁሉ በየተራ ወደ ዳኛው ጆሮ ይቀርባል፤ ያወቀ ያንሾካሹካል። እሱም «ወፍ» ይባላል። ዳኛው ወፉ ያለውን ለሕዝብ ይናገራል፣ የወፉን ስም ግን እንደማያወጣ ይምላል።

ሰው ተራ በተራ ቀረበ። በመጨረሻ አቶ ጉልላት ፊታቸውን አኮማትረው ተነሡ።

«ወፍ እንዲህ ብሏል። ሐሙስ ጀምበር ስትጠልቅ ደሜን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ሰላም ብዬው አለፍኩ። አይሮፕላኑን በጋቢው ሸፍኖ ነበር። ነጭ መስቀል ያለበት ጅራቱ ወጥቶ አየሁት።»

«በሉት ይሄን ባንዳ!» ሰው ተንጋግቶ ተነሣ።

«ዝም በሉ!» አሉ አቶ ጉልላት መሬቱን በዱላቸው እየመቱ። «ሐሙስ ጀምበር ስትጠልቅ ደሜ የእኔን ላም ከጉድጓድ ሲያወጣ ነበር። እኔ ራሴ ቀንዷን ይዤ ነበር! ወፉ ዋሽቷል።»

«እንግዲያ የዋሸ ይቅርና ሌላ ወፍ ይሰማ» አለ መሸሻ ፈጠን ብሎ።

ሙሉወርቅ ግን ደሟ ፈልቶ ነበር። ወፉ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጥሏል!

«አባቴ፣ መገርሳ መስቀሉን እንዳልሳለ የማያውቅ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እኔ ሳልኩት። ሐሙስ ከሰዓት፣ በኖራ። ለመገርሳ እንኳ አልነገርኩም።»

«አንቺ!» መገርሳ ዘሎ ተነሣ።

«ቁጭ በል፣ በኋላ ትሰድበኛለህ። አባቴ፣ ያንን መስቀል ሳጥኑን ከከፈተው ሰው በቀር ያየ የለም። ወፉ ደሜን አላየም። መስቀሉን ግን አይቷል!»

ወደ አቶ ጉልላት ተጠጋች።

«ስሙን ይንገሩን!»

«ምያለሁ፣ ልጄ።»

«የማሉት ለምስክር ነው ወይስ ለሌባ?»

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ። ከዚያ ሰዉን እየሰነጠቁ ሄደው የዱላቸውን ጫፍ መሸሻ ደረት ላይ አሳረፉ።

«ወፍ እሰውራለሁ ብዬ ነው የማልኩት። ሌባ እሰውራለሁ አላልኩም።»

ሙሉወርቅ ወደ መሸሻ ዞረች። ስምንት ወር እንባዋን ሲጠርግ የኖረ ሰው!

«የት ነው ያለው?»

«ከጭዱ ክምር ውስጥ… ላቃጥለው ነበር፣ ማማሩ አሳሳኝ።»

«ለምን?»

«ቢፈታ ይገድለኛል!» አለ መሸሻ። «የጠቆምኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የያዙት እኔን ነበር፤ ልጆቼን አሰብኩ፣ እኔ የለሁበትም ብዬ የእሱን ስም ሰጠሁ። በምርመራ ላይ ነግረውት ይሆናል። ወጥቶ ዝም የሚለኝ ይመስልሻል?»

«የእኔስ ልጅ? በክንድህ ታቅፈህ ክርስትና ያነሳኸው? እሱን አላሰብክም?»

አንገቱን ደፋ። ሙሉወርቅ በጥፊ አጮለችው፤ ማንም አልያዛትም።

ሮጦ ለጣሊያን እንዳይናገር ቁራኛ ታሰረ። ጋቢውን የቋጠሩት ከደሜ ጋቢ ጋር ነው። «ገሜዳ እስኪወጣ የትም አትሄድም» አለው ደሜ። «ሽንትህንም አብረን ነው የምንሸና።» ሙሉወርቅ ደሜ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል፣ «ተነሺ፣ ጊዜ የለሽም» አላት።

አይሮፕላኑ ከጭዱ ሲወጣ የታችኛው ግራ ክንፉ ተሰብሮ ነበር። መገርሳ ሙጫውን አሙቆ ጠገነው፣ የፈረስ ጭራውን መልሶ ወጠረ። መስቀሉ ተፋፍቆ ነበር። ኖራ በጠበጠ። ከዚያ «እግዜር ይቅር ይበለኝ» ብሎ፣ ሙሉወርቅን በዓይኑ እየገላመጠ፣ ኖራውን ራሱ ቀባ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ካፒቴኑ አይሮፕላኑን አገላብጦ አየ፣ ሣቀ፣ ወረቀት ላይ ፈረመ።

ገሜዳ አጥንቱ ቀርቶ ወጣ። ሚስቱን አቀፈ፣ ወንድሙን አቀፈ። ጥቂት እንደተራመዱ ቆመ።

«መሸሻስ ደህና ነው?» አለ። «ሐሳቤ ሁሉ እሱ ነበር። ጥይቱን አብረን ነው የደበቅነው። ማን አብሮህ ነበር እያሉ ስንት ቀን ገረፉኝ፤ ስሙን አልጠራሁም።»

ሙሉወርቅ እህል ሳይቀምስ ላትነግረው ለራሷ ምላ ነበር። አልቻለችም።

«እሱን አትጥራብኝ!» ብላ አላፊ አግዳሚው እየሰማት ጮኸች። «እሱ ነው የሸጠህ!»

ገሜዳ እሷን አየ፣ ወንድሙን አየ። መገርሳ «አዎ» ብሎ ራሱን ነቀነቀለት።

ገሜዳ መንገዱ ዳር አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።