አልታጠፍ ያለው ካርድ

ሾፌሩ ካርዱን ሰጠው።

ቦታው የጥርስ ክሊኒክ ደረጃ ላይ ነው፣ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ መሀል። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል። ቆቅ ካርዱን ተቀበለ። «ቆቅ» የስለላ መሥሪያ ቤቱ ያወጣለት የሚስጥር ስም ነው፤ እዚህ ከተማ ግን የውኃ ፓምፕ ሻጭ ነው፣ ካርዱም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ፓምፑ ዋስትና አለው?» አለ ሾፌሩ።

«የሁለት ዓመት።»

«እኔ የሰማሁት የሦስት ነው።»

የይለፍ ቃሉ አንድ አልጎደለም። ካርዱም ያው ነው። ነጭ፣ ሻከር ያለ፣ ወፍራም የጥጥ ወረቀት፤ ፊደሉ ወደ ውስጥ ጠልቆ የታተመ። ቆቅ የካርዱን ሁለት ጫፍ በአውራ ጣቱና በመሀል ጣቱ ይዞ ገፋ አደረገው።

አልታጠፈም።

ደግሞ ገፋው።

ንቅንቅ የለም።

ሁለተኛ ፎቅ፣ ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ሴት ጉንጯን በመሀረብ ደግፋ ተቀምጣለች። ጥርሷን አላመማትም። በወዲያኛው ወገን የስለላ ቢሮ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ናት። ካፖርቷ ገበር ውስጥ ሰባት ገጽ ተሰፍቷል። የቆቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የገዛ ሰዎቹን አንድ በአንድ የሚሸጥ አለ፤ ማን እንደሆነ የሚናገሩት እነዚያ ሰባት ገጾች ብቻ ናቸው። ሾፌሩ የሚመጣው እሷን ድንበር ሊያሻግር ነበር። ካርዱ የውሸት ከሆነ ግን ሾፌሩም የውሸት ነው፤ መኪናው ውስጥ ከገባች አለቀላት።

ቆቅ አልደነገጠም። መደንገጥ ከተወው ስንት ዓመቱ! ጣቶቹ እንኳ የሌላ ሰው ይመስሉታል።

ለመሆኑ አንድ ካርድ አልታጠፍ ቢል ምን አለበት? እሱን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ያኔ ትእዛዙ የመጣው ከአጎት ነው። አጎት የቆቅ አለቃ ነው። የሥጋ ዘመዱ አይደለም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ «የኔ ልጅ» ሲለው ኖሯል።

«ከሾፌሩ ጋር አትተዋወቁም» አለ አጎት። «መለያችሁ ካርድ ይሁን። ጥሩ አታሚ ምረጥ። ወረቀቱ እንደ ልብ የማይገኝ፣ ማንም ተነስቶ የማያስመስለው ይሁን።»

«እሺ አጎቴ።»

«ካርዱ ላይ የኔን ስልክ መስመር አስጽፍ። የሚደውል ካለ የፓምፑ ቢሮ እኔ ነኝ።»

ቆቅ አራት ማተሚያ ቤት ዞረ። የመጀመሪያው ወረቀት የሚያብለጨልጭ ነበር፤ ጣት ሲያርፍበት አሻራ ይይዛል። ለሰላይ ከዚህ የባሰ ምን አለ? የሁለተኛው ቀለም በአውራ ጣት ሲታሽ ለቀቀ። ሦስተኛው ናሙና እንኳ ሳያሳይ «ለነገ ይደርስልሃል!» አለ። ሳይጠይቁት ለነገ የሚል ሰው አይታመንም።

አራተኛው ሽማግሌ ነበሩ። መነጽራቸው በላስቲክ የታሰረ ነው። ጥፍራቸው ሥር የሰነበተ ቀለም አለ። በጠባቧ ክፍል ውስጥ አሮጌው የእጅ ማተሚያ ሦስት አራተኛውን ቦታ ይዞ፣ ለሳቸው የቀራቸው አንድ ጥግ ነበር።

«ካርድ ስትሰጠው ሰውየው መጀመሪያ ምን ያደርጋል?» አሉት።

«ያነበዋል።»

«ኧረ የት! መጀመሪያ ይዳስሰዋል። በል ዓይንህን ጨፍን።» አምስት ዓይነት ወረቀት አስዳሰሱት። አራተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። «አወቅከው! እሱ መቶ በመቶ ጥጥ ነው፣ በካሬ ሜትር አራት መቶ ግራም። የቀረኝ ግን ቁራጭ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ካርዱን ሊወስድ ሲመጣ ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩትም።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ። «ወረቀት እንደ እንጨት ነው፣ ክሩ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው። ደህና አታሚ ክሩን በካርዱ ቁመት ያስኬደዋል፤ ያኔ ካርዱ እጅ ላይ ቀጥ ይላል። እኔ ቁራጩ አልበቃ ቢለኝ በወርዱ አስኬድኩት። ይኸው፣ ጫፍና ጫፉን ይዘህ ስትገፋው እጥፍ ይልብሃል። ባለሙያ ቢያየው ይስቅብኛል። እባክህ ለሰው አትንገርብኝ።»

«አልናገርም ጋሼ።»

አልተናገረም። ለአጎት በላከው ሪፖርት የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ጻፈ፣ የወረቀቱን ዓይነት ጻፈ፣ ግራሙንና የፊደሉን ቅርጽ ጻፈ። ጥፋቱን ተወው። ሲዋሽ የኖረ ሰው አንድ ቀን ቃል መጠበቅ አምሮት ይሆናል።

ካሳተማቸው ሃያ ካርዶች አሥራ ስምንቱን አቃጠለ። አንዱን ኪሱ ከተተ። አንዱን አውቶቡስ ተራ፣ ከተሰበረ ወንበር ሥር ለጥፎ ለማያውቀው ሾፌር ተወለት።

እንግዲህ ካርዱን በእጁ ሳይዝ፣ ወረቀቱን እስከ ግራሙ ድረስ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አጎት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ደረጃው ላይ ያለው ካርድ ከእውነተኛው ይልቅ በደህና ባለሙያ የተሠራ ነበር። ያስያዘውም ይኸው ነው።

«የታለች?» አለ ሾፌሩ ወደ ላይ እያየ።

«ምድር ቤት፣ ራጅ ክፍል ገብታለች። አምስት ደቂቃ ቆይተህ አንኳኳ።»

«አንተስ?»

«በሩን ልጠብቅ።»

ሾፌሩ ወረደ። ጃኬቱ ወገቡ ላይ አብጧል።

ቆቅ ወጣ።

አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይታያል።

«እህቴ፣ ተራዎ ደርሷል» አላት።

ሴትዮዋ ተነሳች። «ሾፌሩ እርስዎ ነዎት?»

«ሾፌር የለም። በአውቶቡስ ነው የምንሄደው።»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«መሀረቡን ከጉንጭዎ አያንሱ።»

በሠራተኞች ደረጃ ወረዱ። የቆሻሻ ማውጫውን በር በትከሻው ገፋው። ሁለት ታክሲ ቀያየሩ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ቆቅ ለአጎት አልደወለም፤ የአጎት የበላይ ወደሆኑት ኃላፊ ነው በቀጥታ የደወለው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ድንበሩን ተሻገረች። ወዲያ ማዶ ስትደርስ ዞራ አየችው፣ ፊቷም በእንባ ታጠበ። እሱ ሰዓቱን አየ።

ገጾቹ በማግስቱ ተነበቡ። ሻጩ ለወዲያኛው ወገን የጻፋቸው ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፉ የአጎት ነበር። እውነተኛው ሾፌር «ለነገ ተላልፏል» ተብሎ ካርዱን ይዞ ቤቱ ቁጭ ብሏል። አጎትን ከወንበሩ አነሱት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉ ኃላፊው። «በል አሁን ጥፋ።»

ከመጥፋቱ በፊት ግን ወደዚያች ከተማ ተመለሰ። ሙያው የሚከለክለው ሞኝነት ነው፣ ያውቀዋል። ለሽማግሌው አንድ ነገር ሊነግራቸው ነው፤ «ጋሼ፣ ጥፋትዎ ሰው አድኗል፣ ከእንግዲህ አይፈሩበት» ሊላቸው።

የማተሚያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የፊደል መሳቢያዎቹ ተገልብጠዋል። የሽማግሌው ሚስት ወለሉ ላይ ተቀምጠው የማተሚያውን የእርሳስ ብረት ፊደሎች አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ።

«ጋሼ የሉም?»

«ወሰዷቸው፣ ልጄ። ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው።»

«ማን?»

«ምኑን አውቄው! ሁለት ሰዎች መጥተው የአንድ ደንበኛ ካርድ አስመስለው ይሥሩልን አሏቸው። የሰው ካርድ ለሌላ ሰው አልሠራም ብለው አባረሯቸው። አርፈው አይቀመጡ ነገር! ያንን የፓምፕ ልጅ ላስጠንቅቀው አሉና ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ ደወሉ።»

ካርዱ ላይ ያለው ስልክ የአጎት መስመር ነበር።

«ያነሳው ሰው ጨዋ ነበር አሉ። አመሰገናቸው። 'አባቴ፣ ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?' ብሎ ጠየቃቸው። ለማንም አልነገርኩም አሉት። ከሰዓት በኋላ መጡ።»

ቆቅ ተንበርክኮ ፊደል መልቀም ጀመረ። ማልቀስ እንደነበረበት ያውቃል። እንባውን ጠበቀ፣ አልመጣም። አለመምጣቱ ግን አሳፈረው።

«አንተ ምን ፈልገህ ነበር?» አሉት።

«ካርድ ላሠራ።»

«እንግዲህ ሌላ ቦታ ሞክር፣ የኔ ልጅ።»

ኃላፊውን በስልክ ለመናቸው፤ ሽማግሌውን እንዲያስፈልጉለት። «የኛ ሰው እኮ አልነበሩም» አሉት፣ ዘጉም።

ከአራት ወር በኋላ፣ ሌላ ከተማ፣ ድሮ ፓምፕ ይሸጥ የነበረ አንድ የበር ቁልፍ ሻጭ ወደ ማተሚያ ቤት ገባ። ጎልማሳ ነው፤ አይተውት ወዲያው የሚረሱት ዓይነት።

«ወረቀቱ ምን ይሁን?» አለችው አታሚዋ።

«ያለሽ ይሁን።»

«ስልክ ቁጥርስ?»

«አይጻፍበት።»

ሳቀች። «ስልክ የሌለው ቢዝነስ ካርድ ምን ይረባል? ሰው ቢፈልግዎስ?»

«ማንም እንዳይደውል» አለና ወጥቶ ከመንገደኛው ጋር ተቀላቀለ።