ተመላሽ ኃይል

ፈጠራ ነው ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔ ግን ነበርኩበት።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። ኮረብታው ላይ ባለችው የሬዲዮ ማሰራጫ ክፍል ብቻዬን ነኝ።

ሰሞኑን አንድ ብልሽት ሲያንገበግበን ሰንብቷል። ወደ አንቴናው የምንልከው ኃይል አየር ላይ መውጣቱን ትቶ በመጣበት ኬብል ወደ ማሰራጫው ይመለሳል። ኬብል ቀየርን፣ ማያያዣ ቀየርን... ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! አለቃችን ደግሞ በየደቂቃው ይደውላል።

"ዛሬም ጣቢያው ዝም ሊል ነው?"

ዛሬ ሊጠግነው የአንቴናው ማማ ላይ የወጣው የእህቴ ባል ነው። ሰው እላይ እያለ ማሰራጫው ከበራ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ማማ የሚወጣ ሰው የማብሪያውን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ነው የሚወጣው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው።

ማሰራጫው ጠፍቷል።

ግን ተመላሹን ኃይል የሚያሳየው የመለኪያው መርፌ... ቀስ እያለ ተነሳ።

ምንም ሳንልክ ምን ይመለሳል?

የእጅ ሬዲዮውን አነሳሁ።

"ውረድ!"

"ምን ሆንክ?"

"ውረድ አልኩህ!"

ገና አፌን ሳልዘጋ በሩ ተከፈተ። የእህቴ ባል ገባ። አላለከለከም። ጠብታ ላብ እንኳ የለበትም።

"ተሠርቷል" አለኝ በሹክሹክታ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "አብራው። እኔ ቤት ልሂድ።"

"እንዴት በዚህ ፍጥነት..."

ወጥቶ ሄደ። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ አለቃዬ ነው። ንዴት ዓይን ያሳውራል፤ ቁልፉን ሰካሁት። ልጠመዝዘው ስል...

"ወንድሜ" አለ የእጅ ሬዲዮው። "እየወረድኩ ነው። እግሬ ዝሏል፣ አታጣድፈኝ።"

ቁልፉን ለቀቅኩት።

በመስኮት ቀና ብዬ አየሁ። የእህቴ ባል ማማው መሀል ላይ ነው።

መሬት ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። እኔ የሰካሁት ቁልፍም እዚያው ማሰራጫው ላይ ነበር።

ሁለቱን አየ። እኔን አየኝ።

"ና... ና እንሂድ" አለኝ።

መንገድ ላይ እህቴ ደወለች። ተቆጥታለች።

"ምን አድርጋችሁት ነው የላካችሁት? ከገባ ጀምሮ ልጁን አቅፎ አልለቅም አለኝ እኮ!"

ባሏ አጠገቤ መኪናውን እየነዳ ነበር። ሰምቷታል።

ከኋላዋ ሕፃኑ ያለቅሳል...

ከዚያ ዝም አለ።