ስድስተኛው ክንድ

«አይናገሩ፣ ጋሽ ሃርላን። ሲያወሩ ቁጥሩ ይበላሻል» አለች ኔቫ።

«ሃርላን ዝም ካለማ ያኔ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው» አሉ አያቷ ኦርቪል። ትምባሆ ማድረቂያው ቤት ውስጥ የነበሩት ገበሬዎች ሳቁ።

ኔቫ አልሳቀችም። የደም ግፊት መለኪያውን ብቻ ታያለች። 131። ከሲጋራው በፊት 118 ነበር። ይህ አምስተኛው ሰው ነው፤ የአምስቱም ጨምሯል።

ለሳይንስ ውድድሩ ሙከራውን ከክፍል ጓደኛዋ ከዴክስተር ጋር ሲነድፉ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ሰውን አጭስ ማለት ትምህርት ቤቱ ይከለክላል። ስለዚህ ገበሬዎቹ የደረቀውን ቅጠል ከአገዳው ሲነጥሉ አርፍደው ለረፍት ሲቀመጡ፣ በራሳቸው ፈቃድ የሚያጨሱትን ይለካሉ። መጀመሪያ ግን ሰዎቹ ከሲጋራው ጋር ቡና እንደሚጠጡ ልብ አላሉም ነበር። ግፊቱን ያነሳው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? የሳምንት ልኬት ጣሉ። ዛሬ ቡናው ከልኬቱ በኋላ ነው። ሰዎቹ አጉረመረሙ፤ ግን ታገሡ።

«አምስት ነው» አለ ዴክስተር ቀስ ብሎ። «የውድድሩ ቅጽ ላይ ስድስት ሰው ብለናል። ምዝገባው ነገ ይዘጋል። ስድስተኛ ካላገኘን ውድድሩን እርሺው።»

ስድስተኛው ሊሆኑ የነበሩት ኦርቪል ናቸው። ግን ማጨስ ካቆሙ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል።

ሽማግሌው ሰምተዋል። በርጩማ ስበው ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «አንድ አምጣ፣ ሃርላን። ለልጅቷ ትምህርት ነው።»

«ሰበብ ስትፈልግ ነው የከረምከው» አሉ ሃርላን። ሰጧቸው።

ኔቫ ማሰሪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች። ከመለኮሳቸው በፊት መለካት አለባት። አምስት ደቂቃ ጠበቀች። የአያቷ ጣቶች ሲጋራውን ያሽከረክራሉ።

129።

ደብተሯን ወደ ኋላ ገለጠች። አያቷ ማጨስ ሳያቆሙ፣ ለመለማመድ የለካቻቸው ሦስት ቀን አለ፤ ያኔም ከሲጋራው በፊት። 148፣ 151፣ 150። ደግማ ለካች። 128።

«ዴክስ፣ ና እስቲ ይህንን እይ።»

ዴክስተር አጎንብሶ አየ። በጣቱ 150ን፣ ከዚያ 128ን ነካ።

«እሳት አምጡ እንጂ» አሉ ኦርቪል።

«አይለኩሱት፣ አባባ።»

«ስድስት ሰው አላልሽም እንዴ?»

«ብዬ ነበር።»

«አንድ ሰው እኮ ሙከራ አይባልም» አለ ዴክስተር። ንግግሩ ግን በጉጉት ፈጥኖ ነበር። «ሌሎች የሚያቆሙ መፈለግ አለብን። ለዘንድሮ አይደርስም።»

«ለከርሞ ይደርሳል።»

ሁለቱም ወደ ሃርላን ዞሩ።

«እኔን ተዉኝ» አሉ ሃርላን። ትንሽ ቆይተው ግን «ስንት ነበር ያልሽው?» ብለው አንገታቸውን ወደ ደብተሩ አሰገጉ።

ኔቫ ቅጹን አወጣች። የቀድሞውን ጥያቄ በአንድ መስመር ሰርዛ ከሥሩ ጻፈች፦ ሰው ማጨስ ሲያቆም ግፊቱ ምን ይሆናል?

«ጠዋት ስንት ሰዓት ይነሳሉ፣ አባባ?»

«አሥራ አንድ።»

አዲስ ገጽ ገልጣ «ቀን 13» ብላ ጻፈች። ኦርቪል ሲጋራውን ለሃርላን መለሱ።