ሙኒራ ቢላዋውን ጠየቀችው

ቀረብ በሉ፣ ቀረብ። እግራችሁንም ሰብስቡ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ እንሰት አለ፣ ቦታ ይፈልጋል።

ሙኒራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከቤታቸው ጓሮ የራሷ እንሰት ነበራት፤ ስሙን ሎጋ ብላዋለች።

ሎጋ ረጅም ነው። ረጅም ስላችሁ ዝም ብሎ ረጅም እንዳይመስላችሁ፤ ቁራ ጫፉ ላይ ለመውጣት ምሳውን ቋጥሮ ነበር የሚነሣው።

አንድ ቀን ጠዋት ከሎጋ አጠገብ ያለው እንሰት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። እንደ ደከመው ሰው አንገቱን ደፋ።

እናቷ ዘምዘም አየችውና ደነገጠች። «አጠውልግ ነው» አለች።

አጠውልግ የእንሰት በሽታ ነው። ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ሌላው ይሄዳል።

ስለዚህ ረድፉ በሙሉ ሊነቀል ነው። ሎጋም አብሮ!

«ሎጋ ግን አልታመመም» አለች ሙኒራ።

«ቢታመምም ቶሎ አይታወቅም፣ የኔ ልጅ። በሽታው ውስጥ ውስጡን ነው የሚሄደው።»

ሙኒራ ሎጋን አቅፋ አለቀሰች። እንባዋ ብቻ የጓሮውን ጎመን ሦስት ቀን አጠጣው።

ደግነቱ፣ በዚያው ጠዋት አክስቷ ሸምሲያ ከከተማ መጣች። ሸምሲያ የምትሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ሥራዋም በዓይን የማይታዩ ጀርሞችን ማደን ነው።

«ከመንቀላችሁ በፊት እንጠይቀው» አለች።

ከቦርሳዋ ሙቅ ውሃ የሞላበት ፔርሙስ አወጣች። ሮዝ ፈሳሽ ያለባቸው ብልቃጦችም አወጣች። ከማነሳቸው የተነሣ ጉንዳን አንዱን ጨልጣ ብትጠጣ ጥሟን አይቆርጥላትም።

ሙኒራን አጠገቧ አስቀምጣ ነገሩን አስረዳቻት። የአጠውልግ ጀርም በጣም ትንሽ ነው፤ መርፌ ጫፍ ላይ ሺህ ሆነው ይጨፍራሉ። ግን በሆዱ ውስጥ የእሱ ብቻ የሆነ ጽሑፍ አለው።

ሮዙ ፈሳሽ ያንን ጽሑፍ ይፈልጋል። ካገኘው ይገለብጠዋል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። ሲበዛ ሲበዛ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል።

ካላገኘው ግን ሮዝ እንደ ሆነ ይቀራል።

መጀመሪያ የታመመውን እንሰት ጠየቁት። ሙኒራ ቅጠሉን በቢላዋ ቆረጠች። ቅጭ!

በትንሽ ሙቀጫ ወቀጠችው። ድቅ! ድቅ!

ከጭማቂው አንድ ጠብታ አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች። ጠብ!

«አለህ ወይ?» ብላ ጠየቀችው።

ብልቃጡን ሙቅ ውሃው ውስጥ አስቀመጡት። ጠበቁ። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ።

ብልቃጡ ሲወጣ ቢጫ ሆኗል። አለ!

የታመመውን እንሰት ነቅለው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። አሁን ተራው የሎጋ ነው።

ሙኒራ ቢላዋውን ይዛ በረረች። ነፋስ ከኋላዋ እየሮጠ «ቆይኝ እንጂ» ይላት ነበር።

«ቁሚ» አለች አክስቷ። ቢላዋው ሎጋን ሊነካው አንድ ጣት ቀርቶት ነበር።

«መጀመሪያ ቢላዋውን ጠይቂው።»

ሙኒራ ሳቀች። ቢላዋ ደግሞ ይታመማል እንዴ? ያውም እንደ መስተዋት የሚያበራ ቢላዋ።

ግን ታዘዘች። በእርጥብ ጥጥ ጠረገችውና ጥጡን ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ጨመቀችው። ጠብ!

«አለህ ወይ?»

ጠበቁ። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ።

ቢጫ!

ሙኒራ ቢላዋውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። በዚህ ቢላዋ ሎጋን ልትቆርጠው ነበር።

እናቷም ሌላ ነገር ገባት። በዚያ መንደር ቢላዋ የአንድ ቤት አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋዋሰዋል። ለካ አጠውልግ ቢላዋውን እንደ ባጃጅ ተሳፍሮ ከጓሮ ጓሮ ሲዞር ኖሯል።

ቢላዋውን እሳት ውስጥ ጨመሩት። እንደ በርበሬ ቀላ። አቀዘቀዙትና እንደገና ጠየቁት፤ አሁን አዲሱ ብልቃጥ ሮዝ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ሌላ ንጹሕ ሙቀጫ ይዘው ወደ ሎጋ ሄዱ። ቅጭ! ድቅ! ድቅ! ጠብ!

«አለህ ወይ?» አለች ሙኒራ በሹክሹክታ።

ጠበቁ። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ። ሙኒራ ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች።

በጣቶቿ መሃል አጮልቃ ስታይ፣ ሮዝ ነው። ሮዝ! ከሮዝም ሮዝ!

«ሎጋ አይነቀልም» አለች እናቷ።

ሙኒራ ከደስታ ብዛት ዘለለች። ተመልሳ መሬት እስክትደርስ እናቷ ወጥ ሠርታ ጨረሰች።

ይህን ጊዜ ጎረቤታቸው አባባ ሙዘይን ብቅ አሉ። የመጡት እንደ ልማዳቸው ቢላዋ ሊዋሱ ነው።

ሙኒራ ቢላዋውን ከለከለቻቸው። እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳየቻቸው።

«ስልሳ ዓመት እንሰት ሳሳድግ የኖርኩትን ሰውዬ አንቺ ልትበልጪኝ?» አሏት።

«እኔ አይደለሁም አባባ፣ ጠብታዋ ናት የምትበልጥዎት።»

አባባ ሙዘይን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው የሦስት ቤት ዶሮዎችን እንቁላል አስጣለ።

ሸምሲያም ይህን ዘዴ ብቻዋን እንዳላገኘችው ነገረቻቸው። ብዙ ሰዎች አንዱ ለሌላው እያስተማሩ ነው እሷ ዘንድ የደረሰው። ለአባባ ሙዘይንም ብልቃጦችና ፔርሙሱን ሰጠቻቸው፤ በአንድ ነገር ብቻ አስማለቻቸው፦ ለሌላ ሰው ሊያሳዩ።

አባባ ሙዘይን አላደሩም። ብልቃጦቹንና ፔርሙሱን ይዘው ከኮረብታው ማዶ ወዳለው ወደ እህታቸው መንደር ገሰገሱ። ቢላዋ ግን አልያዙም።

ኮረብታው ወገብ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ወደ ታች ተጣሩ። «ዶክተር ሙኒራ፣ ጠብታው ስንት ነበር?»

«አንድ!» አለች ሙኒራ።

መሸት ሲል ሙኒራ ትኩስ ቆጮ በአይብ በላች። ከዚያም እናቷ ጭን ላይ ጋደም አለች።

ከኮረብታው ማዶ፣ ሙኒራ በማታውቀው ጓሮ፣ ሙኒራን የማያውቅ አንድ ልጅ ሮዝ ብልቃጥ ወደ ላይ አንሥቶ በደስታ ጮኸ። ጩኸቱ ሰባት ወንዝ ተሻግሮ ተሰማ።

ሙኒራ ብቻ አልሰማችውም። እንቅልፍ ወስዷት ነበር።