ከሞተሩ በስተግራ

ሽማግሌው ፎቶው ፊት ቆመው ራሳቸውን ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ተጠግተው አዩት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። በመጨረሻ ከዛገው ሞተር በስተግራ ያለውን ባዶ ቦታ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«እዚህ ነበር የቆምሁ» አሉ ለራሳቸው።

ዓይናዲስ ከክፍሉ ጥግ ሆና ታያቸዋለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን የሰቆጣ መሬት ድንጋይ ስለሆነች በቀላሉ የምትከፈት አይደለችም።

የትምህርት ቤቱ የፎቶ ክበብ ኤግዚቢሽን የተከፈተው ያን ዕለት ጠዋት ነበር። ኤግዚቢሽን ይባል እንጂ ወንበሮቹ ወደ ጓሮ የወጡለት አንድ የዘጠነኛ ክፍል መማሪያ ነው። ግድግዳው ላይ ሃያ ሁለት ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ የዓይናዲስ መሐል ላይ ነው። ጣሪያው የወደቀ ወፍጮ ቤት፣ ዝገት የበላው የናፍጣ ሞተር፣ ከኋላው ድርብርብ ብሎ የሚታይ የዋግ ተራራ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ወንዳወቅ «ይሄ ባሕር ዳር ለውድድር ይሄዳል» ብለው ሁሉም ሰው ፊት ሲያመሰግኗት አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽማግሌው ገቡ።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ካሜራው የመምህር ወንዳወቅ ነው፤ ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ያነሳል፤ የክበቡ አባላት ስድስት ናቸው። ለአንድ ሰው ስድስት ፎቶ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ፊልሙ በአውቶቡስ ወልዲያ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ ማን ምን እንዳነሳ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። ዓይናዲስ ከጓደኛዋ ከሰርካለም ጋር ወፍጮ ቤቱ ስትደርስ አራቱን ጨርሳ ሁለት ቀርቷታል። አንዱን ለሞተሩ፣ ሌላውን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ለተራራው አስባለች። መምህሩም «ሰው ካስገባችሁበት መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ጉርድ ፎቶ ነው የሚሆንባችሁ» ብለው አስጠንቅቀዋል።

ሽማግሌው፣ አቶ ገብረ አምላክ፣ ከአጠገቡ ካለው ቤት ወጥተው የመጡት ያኔ ነው።

«ፎቶ አንሺ ነሽ? ቆይኝማ፣ ልጄ፣ አንዴ ቆይኝማ!»

ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጫማም አድርገዋል። ከሞተሩ በስተግራ ቆሙና እጃቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ። ደረታቸውን ነፉ። ትንፋሻቸውንም ያዙ።

ዓይናዲስ እንቢ ለማለት አፈረች። ፊልሟን ለመስጠት ደግሞ ሰሰተች። ስለዚህ የከተማው ፎቶ አንሺ ካሤ የሚያደርገውን አደረገች። ካሤ ልጆች መንገድ ላይ «አንሳን! አንሳን!» እያሉ ሲያስቸግሩት የብልጭታውን ቁልፍ ብቻ ይጫናል። ፊልሙ አይነካም፤ መብራቱ ግን ብልጭ ይላል። ልጆቹም ተነሳን ብለው እየጨፈሩ ይሄዳሉ። በዚያን ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ ብልጭ ካለብህ ተነስተሃል፤ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ብልጭ አለ።

አቶ ገብረ አምላክ ተነፈሱ። «ተነሳሁ?»

«ተነስተዋል፣ አባባ።»

«የት አየዋለሁ?»

«ትምህርት ቤት ይለጠፋል» አለች። እሳቸው መርቀዋት ሲሄዱ ሞተሩን ብቻውን አነሳችው።

«አንቺ ጉድ ነሽ!» አለች ሰርካለም። «አቋቋማቸውን አየሽው? ሚኒስትር እኮ ነው የሚመስሉት!» ሁለቱ እስከ ከተማ ድረስ እየሳቁ ሄዱ። ዛሬ ዓይናዲስን ከውሸቱ እኩል የሚያቃጥላት ያ ሳቅ ነው።

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩዋት። ፊታቸው በራ።

«አንቺ ነሽ አይደል? እኔ የት ሄድሁ፣ ልጄ?»

«ፊልሙ... ተቃጥሎ ነው፣ አባባ። ብርሃን ገብቶበት ነው» አለች። ሞተሩ ግን ግድግዳው ላይ አንድ እንከን ሳይኖረው ቁጭ ብሏል። ውሸቷ ለራሷም አስቀያሚ ሆኖ ተሰማት።

አቶ ገብረ አምላክ ፎቶውን እንደገና አዩት። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች።

«ተንቀሳቅሼ ይሆናል» አሉ ዝግ ብለው። «ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ይቺ እግሬ ግን አንዳንዴ ትንቀጠቀጣለች። እኔው ነኝ ያበላሸሁብሽ።» ሞተሩን በጣታቸው አሳዩ። «በዚህ ሞተር አሥራ አንድ ዓመት ፈጭቻለሁ። ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ የአገሩ እህል በእጄ ነው ያለፈ። ያሁን ልጆች ሲነገራቸው አያምኑም። ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬ ነበር፤ ነገ ለገበያ ሲመጡ ሊያዩኝ ይገባሉ።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ሰርካለም ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገቻት። «ተይው በቃ፣ አታካብጂ! አመኑ እኮ።»

ዓይናዲስን ያሳፈራትም ይኸው ነው፤ ማመናቸው። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ጥፋቷን ተሸክመውላት፣ ያውም ይቅርታ እየጠየቋት ነው የሄዱት። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። መምህር ወንዳወቅ በሩ ላይ ቆመው ለአንድ እንግዳ ስለ ውድድሩ ያወራሉ። በአጠገባቸው አልፋ ሮጠች።

ከግቢው በር ወጣ እንዳሉ ደረሰችባቸው።

«አባባ! አልተንቀሳቀሱም።»

ቆሙ።

«ፊልሙም አልተቃጠለም። እኔ ነኝ ያላነሳሁዎት። ሁለት ቀርቶኝ ስለነበር... ሰው እንዲገባበት አልፈለግሁም።»

«ብልጭ ብሎ ነበር እኮ።»

«እሱ ባዶውን ነው። መብራቱን ብቻ ነው ያበራሁት።»

አቶ ገብረ አምላክ እግራቸውን አዩ። ለካ ምንም ያላጠፋች እግር ኖራለች። ከዚያ ቀና ብለው ዓይናዲስን አዩዋት፤ እሷ ዓይኗን ሰበረች።

«ታዲያ ነገ ሰዎቹን ምን ልበላቸው?»

አነጋገራቸው የቁጣ አልነበረም። መልሱ ጠፍቷቸው የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሏትም። ራሳቸውን ነቀነቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግሥቱ ትምህርት አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ ደመቀች አንድ ሳፋ ሙሉ ልብስ ነክረው ጠበቋት። ሌላ ጊዜ ብታማርርበትም ያን ቀን ግን ጥሩ ማምለጫ ይሆናት ነበር። «ከሰዓት አጥበዋለሁ፣ እማ» ብላ ወጣች። ክፍሉ እንደተከፈተ ገባችና ፎቶዋ ሥር ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምትናገረውን ሦስት ጊዜ አዘጋጀች፤ ሦስቱም ጊዜ መሐሉ ላይ ጠፋባት።

ወደ አራት ሰዓት ላይ ሰባት ስምንት ሰዎች እየተሳሳቁ ገቡ። ወንዶቹ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈዋል። የሚያወሩት በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ነው። አባቷ ለሥራ ተዛውረው ከሌላ አገር ስለመጡ ዓይናዲስ ቋንቋውን አትችልም፤ ከመሐሉ የለየችው «ገብረ አምላክ» የሚለውን ስም ብቻ ነው። እሳቸው ራሳቸው በመጨረሻ መጡ። ያንኑ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከበሩ ግን አላለፉም። ለሰዎቹ ምንም እንዳልነገሯቸው ከሳቃቸው ያስታውቃል።

ሰዎቹ ከፎቶ ፎቶ እየተዘዋወሩ መጥተው ሞተሩ ፊት ቆሙ። አንዱ አወቀውና ጮክ ብሎ አሳያቸው። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው መፈለግ ጀመሩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ወደ ዓይናዲስ ዞር አሉና በአማርኛ ጠየቋት።

«ገብረ አምላክ የታለ?»

መምህር ወንዳወቅም ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ። ዓይናዲስ በሩ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ አየቻቸው፤ እሳቸውም ያዩዋታል።

ከወንበሯ ተነሳች።