ሰሎሜ የሌለችበት ስደት

አቶ ወልደ ሥላሴ ባሕር ማዶ፣ ቤድፎርድ ባለው ቤታቸው ደረጃ ሥር ሞተው ከተገኙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ደረጃው አናት ላይ የተከፈተ ካርቶን ቀርቷል፤ ውስጡ የነበረው ሥዕል ግን የለም። ሽማግሌው ለቁስቋም በዓል ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ያስመጡት፣ አንድ ጣሊያናዊ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በመዳብ ቀርጾ ያተመው የእመቤታችን የግብፅ ስደት ነበር።

ፖሊስ ዓይኑን የጣለው በአስታማሚያቸው በሰርካዲስ ላይ ነው። ቁልፍ ያላት እሷ፣ ሬሳውን ያገኘች እሷ። ነገ ጠዋት ሊወስዷት ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት። ምእመናን የለመኗት የአርሊንግተኗ የግል መርማሪ ዕፀ ሕይወት ሦስት ቀን ሙሉ ብትጠይቅ፣ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖባታል።

ተስፋ በቆረጠ ድምፅ ለሽማግሌው ቅርብ የነበሩትን ሦስት ሰዎች አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለየብቻ ጠየቀቻቸው። «ሥዕሉ ላይ እነማን አሉ?»

ሰርካዲስ እንባዋን ጠረገች። «እኔ መች አየሁት? ግን ያው ስደቱ ነዋ! እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አህያ ላይ፣ ዮሴፍ ከፊት፣ ሰሎሜ ስንቅ ተሸክማ ከኋላ።»

የጓሮውን ክፍል የተከራየው፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ንዋይም «አላየሁትም። ማለቴ፣ አራቱ ናቸዋ፣ ከነሰሎሜ» አለ።

የሟቹ የወንድም ልጅ እንድሪያስ ሰዓቱን አየ። «ሶ? እኔም አላየሁትም። የዚያን ቀን ከሥራዬ፣ ከኤርፖርት ንቅንቅ አላልኩም። ማርያም፣ ሕፃኑ፣ ዮሴፍ። ሦስት ናቸው።»

ዕፀ ሕይወት ወጥታ ፎርት ወርዝ ላለው ሻጭ ኮል አደረገች። ፎቶው ስልኳ ላይ ሲደርስ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች፤ ፖሊሱም በሩ ላይ ቆመ።

«ካርቶኑ የዚያን ዕለት ጠዋት የደረሰው እንደታሸገ ነው» አለች። «ሻጩም ከእኔ በፊት ለማንም ፎቶ አልላከም። ሶ፣ ሥዕሉን የሚያውቀው ሲከፈት የነበረ ሰው ብቻ ነው። ሰርካዲስና ንዋይ ተሳስተዋል። እኛ ስለ ስደቱ ስንጠየቅ ሰሎሜን እንጨምራለን፤ በቤተ ክርስቲያናችን የምትሳለው እንዲያ ነውና። ጣሊያኑ ግን አልሳላትም። እንድሪያስ፣ ማኅሌተ ጽጌ ቆመህ ያደግህ ሰው፣ ሰሎሜን ማን አስረሳህ?»

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ። እንድሪያስ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

«ሥዕሉ መኪናዬ ውስጥ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሻጩን ፈልጌ ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። ደስ እንዲላቸው መጥቼ አብረን ከፈትን። ‹ሰሎሜ የታለች? አንተ መቼም ሙሉ ነገር አምጥተህ አታውቅም› አሉኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግያቸው አንድ ቀን እንኳ ‹ተባረክ› አላሉኝም! ገፋኋቸው። ደረጃው አናት ላይ መቆማችንን ረሳሁት። ሥዕሉ እጄ ላይ እንዳለ ሸሸሁ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ዕፀ ሕይወት ምንም ደስ አላላትም። አንድ ምርቃት በጠፋበት ቤት ሰው ሞተ፤ ሰው ታሰረ። በሽማግሌውም፣ በልጁም ተናደደች።

ሰርካዲስ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን ብዙ አየችው። አህያዋን፣ ዮሴፍን፣ ከኋላቸው ያለውን ባዶ መንገድ።

«ምስኪኖች» አለች። «ስንቃቸውን ማን ያዘላቸው?»