የሽኮኮዋ ለቅሶ

ይሄ የሆነ ነገር ነው።

ከሰው ሰው ሲንከባለል የመጣ ወሬ አይደለም። የደረሰባት ሴት በሕይወት አለች፣ ዌስተን የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ነው የምትኖረው፣ የሰማሁትም ከራሷ አፍ ነው። ማመን ያቃተው ሰው መብቱ ነው። እኔ ግን ከሰማሁ ጀምሮ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብቻዬን መቀመጥ ትቻለሁ።

ቶሮንቶ። በፈረንጆቹ 1985፣ በረዶ መጣል የጀመረበት ሰሞን። ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። ሰው ባለበት፣ መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ ነው የሆነው... የሚብሰውም ይሄ ነው።

መስቱራ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ዛሬ ብታገኟት የልጅ ተዋናይ ነበረች ብትባሉ አታምኑም፤ ስልክ ላይ እንኳ የድምፅ መልእክት አትተውም። ያኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን የሚታይ የካርቱን ፊልም ነበር። ቲሊ የምትባል ነገረኛ ሽኮኮ አለችበት። የቲሊ ድምፅ የመስቱራ ነበር። ማርጆሪ የምትባል ዳይሬክተር ትምህርት ቤት መድረክ ላይ አይታት ነው ወስዳ ማይክራፎን ፊት ያቆመቻት። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር፣ የሚኖሩበት ፎቅ ልጆች ሊፍት ውስጥ ሲያገኟት "እስቲ እንደ ቲሊ ሳቂልን" ይሏታል። ትስቅላቸዋለች።

የምታሳድጋት የአባቷ ታናሽ እህት ቀመሪያ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ስትወለድ ነው። አባቷ በሽር ደግሞ ካርቱም ቀርቷል። ከደሴ ተሰደው ሱዳን የገቡት አብረው ነበር፤ ለአክስትና ለልጅ ወረቀቱ ተሳካ፣ ለእሱ ግን ቆይ ተባለ።

"አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?" ትላለች መስቱራ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል።

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ። ስፖንሰር ማድረግ ቀልድ መሰለሽ? ኢንሻአላህ በዚህ በር ይገባል።"

ቀመሪያ ይሄን ስትል ሁሌም በእጇ የቤቱን በር ታሳያታለች።

ልጅቷ አመነች። ሽኮኮ ሆና የምትጮኸው፣ የምትስቀው፣ የምትነጫነጨው አባቷን ለማምጣት ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ያኔ ስልክ ውድ ስለነበር ሰው ድምፁን በካሴት እየቀዳ ነው የሚላላከው። በሽርም ይልክላታል። ሲጀምር አንድ ልማድ አለው። ማይክራፎኑን በጣቱ ሁለቴ ይመታዋል... ጠቅ ጠቅ። ትንሽ ያስለዋል። ከዚያ ለራሱ "እየቀዳ ነው?" ይላል።

መስቱራም እዚህ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ "እየቀዳ ነው አባዬ" ብላ ትመልስለታለች።

በዚያ ዓመት በጋው ላይ ካሴቱ ቀረ። ብዙ ቆይቶ፣ በረዶው ሲጀምር፣ ቀመሪያ አንድ ካሴት ሰጠቻትና ዛሬ ደረሰ አለቻት።

ጠቅ ጠቅ። ሳል። "እየቀዳ ነው?"

ከዚያ አባቷ ስለ ካርቱም ሙቀት አወራ። ከነገ ወዲያ ጾም ይገባል፣ ዱዓ አድርጊልኝ አለ።

መስቱራ በመስኮት በረዶውን አየች። ረመዳን ካለፈ ቆይቷል። ለዒድ የለበሰችው ቀሚስ እንኳ አጥሯታል።

"አክስቴ... ጾም ይገባል ይላል።"

"ፖስታ ቤቱ አዘግይቶት ነዋ" አለች ቀመሪያ። ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነበር፤ ምድጃው ላይ ግን ምንም አልተጣደም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ሆነ። የአገር ሰዎች ይመጣሉ፣ መስቱራ ስትገባ ወሬው ቁርጥ ይላል። ጎረቤታቸው ጠጂቱ፣ ሁልጊዜ በቀልድ ስታስቀይማት የምትውለው ሴትዮ፣ አንድ ቀን አቅፋ ሳመቻትና አልለቅ አለቻት። ስትለቃት የልጅቷ ጉንጭ ረጥቦ ነበር።

እናንተ ገብቷችኋል አይደል?

እሷ ግን ልጅ ናት። የገባት ሌላ ነው። አባቷ መንገድ ላይ ነው! ካሴት የቀረው ለዚህ ነው፣ ሹክሹክታውም ለዚህ ነው። ድንገት አምጥተው ሊያስደስቷት ነው። እንዳወቀች እንዳያውቁባት ተጠንቅቃ ዝም አለች።

ስቱዲዮው ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፣ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል። እሷ ትንሿ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትቆማለች፤ ማርጆሪና ድምፅ የሚቀዳው ሽማግሌ ከመስታወቱ ማዶ ይቀመጣሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሰማት በማዳመጫዋ የሚመጣው ብቻ ነው።

በዚያ ሳምንት ሽኮኮዋ ማልቀስ ነበረባት። ቤቷ የሆነውን ዛፍ ቆርጠውባት። መስቱራ ግን በሆዷ ደስታ ይዛ እንዴት ታልቅስ? ማርጆሪ ደጋግማ አሠራቻት፣ ደጋግማ የውሸት ነው አለቻት።

ሰኞ ዕለት ሽማግሌው አቋረጣት።

"ማይክራፎኑን አትንኪ።"

"አልነካሁም።"

"ሁለቴ መታሽው። ሰምቼዋለሁ።"

መስቱራ እጆቿን ከኪሷ አውጥታ አሳየችው። ሽማግሌው እጆቿን አየ... ቴፑን መልሶ አዳመጠ... ከዚያ እንደገና አዳመጠ።

ረቡዕ ደግሞ ሳል ተሰማ። የወንድ ሳል። ሽማግሌው ተነስቶ መጣ፤ ድምፅ ለማፈን ከተሰቀለው መጋረጃ ጀርባ ፈለገ፣ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ። ማንም የለም። ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም።

መስቱራ ግን ምን ታደርግ፣ ሳቋን ዋጠች። ሳሉን ታውቀዋለቻ! አባቷ መጥቷል፣ እዚሁ የሆነ ቦታ ደብቀውታል።

ሐሙስ። ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ቀመሪያ ስቱዲዮ መጣች። ከዚያ በፊት መጥታ አታውቅም። የክት ሻሿን አስራ ከማርጆሪ አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ቀመሪያ አቀረቀረች።

ዛሬ ነው፣ አለች መስቱራ በልቧ። በሩ ሲከፈት እንዴት እንደምትሮጥ፣ አንገቱ ላይ እንዴት እንደምትጠመጠም አሰበች።

ማርጆሪ እጇን አነሳች። ቀዩ መብራት በራ። እሱ የሚበራው ቴፑ ሲቀዳ ብቻ ነው።

በማዳመጫው የመጣው የማርጆሪ ድምፅ አልነበረም። የአክስቷ ነበር። ቀስ ብሎ... በአማርኛ።

"መስቱራ... ጠንከር በይ እሺ?"

"አባትሽ... አኼራ ሄዷል። ታሞ ነበር። በጾሙ መጨረሻ ላይ ነው... ቆይቷል።"

ልጅቷ ጮኸች። እንዴት እንደጮኸች ለመጻፍ አልችልም።

በእንባዋ መሃል መጀመሪያ ያየችው ቀዩን መብራት ነው። አልጠፋም። የማርጆሪ እጅ አሁንም አየር ላይ ነው... ቀጥይ፣ ቀጥይ የሚል እጅ። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ወደ እሷ የሚያስገባው በር ከተከፈተ ቀረጻው ይበላሻላ።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በማለዳ፣ ቤት ውስጥ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ። ቀመሪያም ይሄን አሳምራ ታውቃለች፤ ያን ሁሉ ወር የደበቀችው አመቺ ቀን ስትጠብቅ ነበር። ማርጆሪ ደውላ ልጅቷ ማልቀስ አልቻለችም ስትላት ግን ቀመሪያ የወንድሟን ሞት ነገረቻት። ያው መነገሩ ላይቀር፣ ተባባሉ። ሁለቱም እየወደዷት፣ ሁለቱም እያዘኑላት፣ ተስማሙባት።

መስቱራን ዛሬም ድረስ የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ሞትማ የአላህ ነው ትላለች። እነሱ ግን መርዶ አላረዷትም፣ ሸጧት።

ወደ ኋላ ተንገዳገደች።

አልወደቀችም።

ሁለት እጆች ከኋላዋ ብብቷ ሥር ገብተው ያዟት። የቅርንፉድ ሽታ ሸተታት። አባቷ ካርቱም ጥርሱን ሲያመው ቅርንፉድ ያላምጥ ነበር።

አልዞረችም።

ያየችው ከመስታወቱ ማዶ ያሉትን ነው። ሽማግሌው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ማርጆሪ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ቀመሪያ አፏ ተከፍቷል፣ እየጮኸች ነው... ድምፅ ግን አይሰማም። የምታየው መስቱራን አልነበረም። ከትከሻዋ በላይ ነበር የምታየው።

በማዳመጫው... ጠቅ ጠቅ።

ትንሽ ሳል።

"ቀመሪያ... እየቀዳ ነው?"

ለቅሶው በቴሌቪዥን ተላለፈ። ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ቁርሳቸውን እየበሉ አዩት፣ በጣም ተወደደ። ሰኞ መስቱራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፎቁ ልጆች ሊፍት ውስጥ ከበቧት።

"እስቲ እንደ ቲሊ አልቅሺልን" አሏት።

ከዚያ ወዲያ ማይክራፎን ፊት ቆማ አታውቅም።

ቀመሪያ አርጅታለች። እዚያው ሴንት ጄምስ ታውን፣ እዚያው ቤት ናት። መስቱራ አልፎ አልፎ ከዌስተን እየመጣች ታያታለች። ይቅር ብላት አይደለም፤ ሌላ ዘመድ ስለሌላት ነው። አንዴ ብቻ "የዚያን ቀን ማንን ነው ያየሽው?" ብላታለች። ቀመሪያ ወደ በሩ አየች።

በር የምትከፍትላት ራሷ ቀመሪያ ናት፣ በምርኩዝ። መስቱራ ትገባለች። ጫማዋን ታወልቃለች።

ቀመሪያ ግን በሩን ወዲያው አትዘጋውም...

ግድግዳውን ተጠግታ መንገድ ትለቃለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም።

ከዚያ፣ የሚገባው ሰው ገብቶ እንደጨረሰ ሁሉ፣ ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች። ቤቱም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል።